ሐረግን መከተል፦ የብራና መጻሕፍታችን ጥልፍልፍ ሥዕል እንዴት ይታያል?

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

ዛሬ የምንነጋገርበት ሥዕል ሰው የለበትም፣ መልአክ የለበትም፣ ታሪክም አይተርክም። በወንጌል፣ በመዝሙረ ዳዊትና በገድላት መጻሕፍት የምዕራፍ መክፈቻ ላይ ከጽሑፉ አናት የሚዘረጋው፣ አንዳንዴም በዓምዶቹ መሐልና በኅዳጉ በኩል ወደ ታች የሚወርደው ጥልፍልፍ ነው፤ ሐረግ። ብራና ሲገለጥልን «እንዴት ያምራል!» ብለን ወዲያው ወደሚቀጥለው ገጽ፣ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ወይም ወደ ምስለ ፍቁር ወልዳ እናልፋለን። ሐረጉ እንደ ክፈፍ ተቆጥሮ ይቀራል፤ ይህ በጣም ያሳዝነናል። በመጽሐፉ ውስጥ የሠዓሊው አሳብ ከምንም በላይ ተገልጦ የሚታየው ብዙ ጊዜ እዚያው ክፈፍ በተባለው ላይ ነውና።

ሐረግ በአንድ እይታ አያልቅም። አንዱን ክር ይዞ ከመነሻው እስከ መመለሻው የሚከተል ሰው ነው የሚያየው። ክር ከክር በተገናኘበት ቦታ ሁሉ ሠዓሊው የትኛው ከላይ፣ የትኛው ከሥር እንደሚያልፍ ወስኗል። የአንድ ገጽ አናት በሚሸፍን ሐረግ ላይ እንዲህ ያለ ውሳኔ በቀላሉ ከመቶ ይበልጣል። እነዚህን ውሳኔዎች አንድ በአንድ ማየት ይቻላል፤ መቁጠርም፣ ትክክል መሆን አለመሆናቸውን መመርመርም ይቻላል። የዛሬው ንግግር የሚያሳየው እንዴት እንደሆነ ነው።

ታሪኩን ባጭሩ እንለፈው። በአድዋ አካባቢ በእንዳ አባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት የአባ ገሪማ ወንጌላት በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ውስጥ የተመደቡ ናቸው። የአውሳብዮስ የወንጌል ማነጻጸሪያ ሠንጠረዦች እዚያ የተቀመጡት በዓምድና በቅስት ውስጥ ነው፤ ቅስቶቹ በጂኦሜትሪ ንድፍ ተሞልተዋል። ጽሑፍን በጌጥ ማቀፍ በእኛ መጻሕፍት እንዲህ የቆየ ነው። ዛሬ ሐረግ ስንል በዓይናችን የሚመጣው ግን በ14ኛውና በ15ኛው ክፍለ ዘመን የበለጸገው ጥልፍልፍ ነው። በእኛ ፍርድ ከፍተኛው ደረጃ ላይ የደረሰው ከ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በትግራይ፣ በአጋሜ፣ በጉንዳ ጉንዴ ገዳም በተሠሩት መጻሕፍት ነው። ገዳሙ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ብርቱ ስደት የደረሰባቸው የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች፣ ደቂቀ እስጢፋኖስ፣ ማዕከል ነበር። በእነዚህ መጻሕፍት ጂኦሜትሪው ከሐረጉ አልፎ የቅዱሳኑን ልብስ ሳይቀር ይይዛል። በ1540 እ.ኤ.አ. ገደማ የተሠራ አንድ የጉንዳ ጉንዴ ወንጌል በአሜሪካ፣ በባልቲሞር ከተማ፣ በዋልተርስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል፤ ገጾቹ በኢንተርኔት በነጻ ይታያሉ። የምንናገረውን ለመሞከር ከዚህ የተሻለ መጽሐፍ አናውቅም።

አሁን ወደ ገጹ እንቅረብ። ጸሐፊው ከመጻፉ በፊት በተፋቀው ብራና ኅዳግ ላይ በወስፌ ጫፍ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይወጋል፤ ከዚያ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ በዱልዱም ብረት ያሰምራል። መስመሩ ቀለም የለውም፤ ቆዳው ላይ የተጫነ ቦይ ብቻ ነው። ብርሃን ከፊት ሲመጣ አይታይም፣ ከጎን ዝቅ ብሎ ሲወድቅ ግን ገጹ ሁሉ በመስመር ተሞልቶ ይገኛል። ሐረጉን ከማየታችሁ በፊት ይህን ፈልጉ። የዓምዶቹ ጠርዝ የሐረጉን ስፋት ብዙ ጊዜ ይወስናል፤ ሠዓሊው ጥልፍልፉን የሚያስገባው በነጻ ሜዳ ላይ ሳይሆን አስቀድሞ በተለካ ቦታ ውስጥ ነው። ዋናው ችግር ከዚህ ይጀምራል፦ የተሰጠው ስፋት ስንት ዙር ጥልፍልፍ ይይዛል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ቀላል የትንተና መንገድ አለ። ወረቀትና እርሳስ ያላችሁ አብራችሁን ሥሩ። እኩል የተራራቁ ነጥቦችን በረድፍ አኑሩ፦ ወደ ታች ሦስት፣ ወደ ጎን አምስት፣ በጠቅላላው 15 ነጥብ። በነጥቦቹ መካከል ያለው ርቀት 1 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከዳርኞቹ ነጥቦች ግማሽ ሴንቲ ሜትር ወጣ ብላችሁ ዙሪያውን በአራት ማዕዘን ክፈፍ ዝጉት። አሁን ጎን ለጎን በሆኑ ሁለት ነጥቦች መሐል፣ እንዲሁም አንዱ ከሌላው በላይ በሆኑ ሁለት ነጥቦች መሐል፣ በትክክል አጋማሹ ላይ ትንሽ የመስቀለኛ ምልክት አድርጉ። እነዚህ መሻገሪያዎቹ ናቸው። ጎን ለጎን 12፣ ላይና ታች 10፣ በድምሩ 22 ይሆናሉ። ከአንዱ መሻገሪያ ተነሥታችሁ በሰያፍ፣ በ45 ዲግሪ፣ ወደሚቀጥለው ሂዱ፤ ክፈፉ ጋ ስትደርሱ ታጥፋችሁ ተመለሱ። እርሳሱን ሳታነሡ 22ቱን መሻገሪያዎች እያንዳንዳቸውን ሁለት ሁለት ጊዜ አልፋችሁ ከተነሣችሁበት ትደርሳላችሁ። ሥዕሉ በሙሉ አንድ ክር ብቻ ነው።

አንድ ዓምድ ጨምሩና ሦስት በስድስት አድርጉት። አሁን እርሳሱ ከመነሻው ሲደርስ ገና ያልተነኩ መስመሮች ይቀራሉ። እነርሱን ስትከተሉ ሦስት የተለያዩ ክሮች መኖራቸው ይገለጣል። ሕጉ ይህ ነው፦ የክሮቹ ብዛት የረድፉና የዓምዱ ቁጥሮች ታላቅ የጋራ አካፋይ ነው። የሦስትና የአምስት 1፣ የሦስትና የስድስት 3፣ የአራትና የስድስት 2። የመሻገሪያዎቹን ብዛት ለማግኘት ደግሞ ሁለቱን ቁጥሮች አባዝታችሁ እጥፍ አድርጉ፣ ከዚያ ሁለቱንም ቁጥሮች ቀንሱ።

ይህ ስሌት ለሠዓሊው ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። የጽሑፉ ዓምዶች ጠቅላላ ስፋት 14 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል፤ ነጥቦቹ በ7 ሚሊ ሜትር ቢራራቁ 20 የነጥብ ዓምድ ይገባል። በሦስት ረድፍ ከተሠራ 97 መሻገሪያ ያለው አንድ የማይቋረጥ ክር ይሆናል። ርቀቱን ጥቂት ጠበብ አድርጎ 21 ዓምድ ቢያስገባ ግን ሦስት የተለያዩ ክሮች ይወጣሉ። ከሩቅ ሲታዩ ሁለቱ ሐረጎች አንድ ናቸው። አንዱ ግን በአንድ ቀለም ብቻ ሊሞላ የሚገባው ሲሆን ሌላው ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ክሮችን ያለ ምንም ግጭት ይቀበላል። በሐረግ ላይ ሦስት ቀለም ያላቸው ክሮች ስታዩ ቀለሙ የተመረጠው ከቁጥሩ በኋላ መሆኑን ልብ በሉ።

ይህን ዓይነት ስሌት በጥልቀት ካጠኑት አንዱ ሞዛምቢካዊው የሂሳብ ሊቅ ፓውሉስ ጌርዴስ (1952–2014 እ.ኤ.አ.) ነበሩ፤ የተነሡት በአንጎላ የቾክዌ ሕዝብ አሸዋ ላይ ነጥብ አኑሮ በጣት ከሚሥላቸው ሥዕሎች ነው። የደቡብ ሕንድ እናቶች በየደጃፋቸው በዱቄት የሚሥሉት ኮላምም የዚሁ ቤተሰብ ነው።

አሁን ክር በክር ላይና ሥር ወደሚያልፍበት ሥርዓት እንምጣ። እንደ ሹሩባ ነው፦ አንድ ክር አንዴ ከላይ ካለፈ ቀጥሎ ከሥር ያልፋል፣ እንደገና ከላይ። ይህን እየተከተሉ ማረጋገጥ ይቻላል፣ ግን አድካሚ ነው። የሚያሳጥር መንገድ አለ። መሻገሪያዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው ብለናል፤ ጎን ለጎን በሆኑ ነጥቦች መሐል ያሉትና ላይና ታች በሆኑት መሐል ያሉት። በትክክል በተጠለፈ ሐረግ ውስጥ የመጀመሪያው ዓይነት መሻገሪያዎች ሁሉ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ከላይ የሚያሳልፉት ወደ አንድ ጎን ያዘነበለውን ክር ነው፤ ለምሳሌ ወደ ቀኝ ሽቅብ የሚወጣውን። የሁለተኛው ዓይነት ሁሉ ደግሞ ተቃራኒውን፣ ወደ ቀኝ ቁልቁል የሚወርደውን። ስለዚህ እያንዳንዱን ረድፍ በዓይን ጠረግ አድርጎ ማየት ይበቃል፤ ከመካከላቸው አንዱ ወደ ሌላ ካዘነበለ ስሕተቱ እዚያ ነው።

ከዚህ ሕግ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ይከተላል። ሐረግ ሲታይ ግራና ቀኙ በመስታወት የተያዩ ይመስላል። የመስመሮቹ መንገድ እውነትም እንደዚያ ነው፤ የላይና የታች አልፎ ማለፉ ግን ፈጽሞ እንደዚያ ሊሆን አይችልም። በመስታወት ሲገለበጥ ወደ ቀኝ ሽቅብ የሚወጣው ክር ወደ ግራ ሽቅብ የሚወጣ ስለሚሆን ሕጉ ይፈርሳል። ትክክለኛው ጥልፍልፍ የሚገጥመው ሲዞር ነው፦ ገጹን ራሱን ወደ ታች አዙራችሁ፣ 180 ዲግሪ፣ ብታዩት እያንዳንዱ መሻገሪያ እንደነበረው ሆኖ ይገኛል። ረድፉና ዓምዱ እኩል በሆነበት፣ በአራት በአራት ወይም በአምስት በአምስት፣ በሩብ ዙርም ይገጥማል። ዓይን እረፍት የሚያገኝበት የግራና ቀኝ እኩልነትና ዓይንን የሚያንቀሳቅሰው ዙር በአንድ ሥዕል ውስጥ አብረው ይኖራሉ። የሐረግ ሕይወት እዚህ ይመስለናል።

የብዙ ስሕተት ምንጭም ይኸው ነው። ግራውን ግማሽ ሠርቶ ቀኙን እያየ የሚገለብጥ ሰው መሐል መስመሩ ላይ ሲደርስ አንድ ክር ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ከላይ ያልፍበታል። ስለዚህ ሐረግን ስትመረምሩ መጀመሪያ ዓይናችሁን መሐሉ ላይ ጣሉ። ዛሬ በኮምፒዩተር ለመጽሐፍ ሽፋን፣ ለሠርግ ጥሪ ወይም ለልብስ ጥለት ሐረግ የምታዘጋጁም ይህን ያዙ፦ ግማሹን ሠርታችሁ «ገልብጥ» የሚለውን ትእዛዝ አትጠቀሙ፤ በ180 ዲግሪ አዙራችሁ ግጠሙት። ንድፉ ላይና ታቹ የተለያየ ከሆነና መገልበጥ ግድ ካላችሁ፣ በተገለበጠው ግማሽ ያለውን መሻገሪያ ሁሉ ከላይ የነበረውን ከሥር አድርጋችሁ ለውጡ።

እስካሁን ያልነው ስለ ተራው ጥልፍልፍ ነው። ትላልቆቹ ሐረጎች ልዩ የሚሆኑት ግን መሻገሪያን በመዝጋት ነው። ሁለት ክሮች ሊሻገሩ ሲደርሱ ሠዓሊው አያሻግራቸውም፤ እያንዳንዱን ወደ መጣበት በኩል ያጥፈዋል። መዝጊያው ወይ የቆመ ነው፣ ወይ የተጋደመ። ጥልፍልፉ መሐል ላይ በድንገት መስቀል፣ ልብ፣ ዓይን ወይም ባዶ መስኮት የሚወጣው በእነዚህ መዝጊያዎች ነው፤ ዙሪያውን ካሉት መሻገሪያዎች የተወሰኑትን በመዝጋት ብቻ።

መዝጊያ ቅርጹን ብቻ አይለውጥም፣ የክሮቹንም ቁጥር ይለውጣል። ሁለት የተለያዩ ክሮች የተገናኙበትን መሻገሪያ ብትዘጉ፣ ቆሞም ተጋድሞም ቢሆን፣ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። አንድ ክር ራሱን የሚሻገርበትን ብትዘጉ ደግሞ አንደኛው መዝጊያ ክሩን ለሁለት ይከፍለዋል፣ ሌላኛው አንድ አድርጎ ይተወዋል። ስለዚህ ቅድም ያየነውን የሦስት በስድስት ጥልፍልፍ በሁለት መዝጊያ ብቻ አንድ ክር ማድረግ ይቻላል፤ ቦታው እስከተመረጠ ድረስ። የላይና የታቹ ሕግም አይናወጥም፤ ምንም ያህል መሻገሪያ ቢዘጋ ከላይ ከሥር፣ ከላይ ከሥር ማለቱ ይቀጥላል። አንድ ሐረግ ፊት ቀርባችሁ ስትከተሉት ክሩ ያልጠበቃችሁት ቦታ ሲታጠፍ ቆም በሉና ያ መዝጊያ ባይኖር ክሩ ወዴት ይሄድ ነበር ብላችሁ ጠይቁ። ሠዓሊው ለምን እንዳስቀመጠው ብዙ ጊዜ ወዲያው ይገለጣል፤ ወይ የመሐሉን መስቀል ለመክፈት፣ ወይ ሁለቱን የኅዳግ ጅራቶች ከአናቱ ጋር በአንድ ክር ለማያያዝ።

ሁሉም ሐረግ በዚህ ሕግ ይገዛል አንልም። ደረጃ ደረጃ እየሠሩ የሚሄዱ፣ በሦስት ማዕዘን ብቻ የተሞሉ፣ እንደ ጥቅልል ተጠማዝዘው የማይሻገሩም አሉ። እነዚህ የራሳቸው ውበት አላቸው፣ በሌላ መንገድ ይታያሉ።

ስለ ክሩ ውፍረት አንድ ነገር እንጨምር። በነጥቦቹ መካከል ያለው ርቀት 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ የጎረቤታሞቹ ሰያፍ መስመሮች ርቀት 7 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ክሩ 4 ሚሊ ሜትር ቢወፍር ለመደቡ 3 ይቀራል፤ ይህ ለዓይን ይመቻል። ክሩ 6 ከሆነ መደቡ ይጠፋና ሁሉም ነገር አንድ ላይ የተጨመቀ ይመስላል፤ 2 ከሆነ ደግሞ ጥልፍልፍነቱ ቀርቶ የሽቦ መረብ ይሆናል። የሚሠራው ሰው መሐል መስመሩን በቀጭኑ አስቀድሞ፣ ግራና ቀኙን በእኩል ርቀት አውጥቶ፣ የላይኛውን ከሥረኛው ለይቶ ከከረከመ በኋላ ነው ቀለም የሚገባው። መታጠፊያው ላይ ክሩ መወፈር ይወዳል፤ የውጪው ጠርዝ ሰፊ መንገድ ስለሚሄድ እጅ ይስታል። የሠዓሊውን ብስለት ለመለካት የክፈፉን ዳር ዳር፣ መታጠፊያዎቹን እዩ፤ ውፍረቱ ካልተለወጠ የተማረ እጅ ነው።

ቀለሙን ስናይ ሁለት ነገር እንለይ፤ የክሩን ቀለምና የቀዳዳዎቹን። በክሮቹ መሐል የሚቀሩት ትንንሽ ቦታዎች ሁልጊዜ በሁለት ቀለም ብቻ ሊሞሉ ይችላሉ፣ አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው ሁለት ቦታዎች በጠርዝ ሳይነካኩ። ነጥብ ያለበትን ቦታ ቀይ፣ ነጥብ የሌለበትን ጥቁር አድርጉ፤ ይወጣል። መዝጊያ ቢበዛም ይወጣል። በአሮጌ ሐረግ ላይ ይህ ሥርዓት የፈረሰበት ቦታ ካለ ወይ ጥልፍልፉ ተሳስቷል፣ ወይ ሠዓሊው ሆን ብሎ አንድን ቅርጽ ለማጉላት ፈልጓል። በአንድ ክር ላይ ቀለም መለወጥ ለሚፈልግ ሠዓሊ የተሻለው ቦታ ክሩ ከሌላው ሥር የሚያልፍበት ነው፤ ለውጡ ይሰወርለታል።

ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ከሙጫ የሚሠራ ነው፤ ብራናው ላይ ይቀመጣል እንጂ ዘልቆ አይገባም። ሙጫው ከበዛ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ይላጣል፤ ካነሰ በንክኪ ይነሣል። የቆዳው የጸጉር በኩል በደንብ ካልተፋቀ ስብ ይይዛል፤ ቀለም አይቀበልም፣ ጠርዙ ይንጠባጠባል። የተላጠ ቦታ የሚያሳዝን ቢሆንም ለተመልካች ጥቅም አለው፤ ከቀለሙ ሥር የመጀመሪያው ንድፍ የሚታየው እዚያ ነው። ቢጫው አንዳንዴ አርሴኒክ ካለበት ማዕድን የተሠራ ስለሆነ፣ ቀዩም ሜርኩሪ ካለበት፣ ገጽ ለመግለጥ ጣትን በምራቅ ማርጠብ ለመጽሐፉም ለገላጩም ጉዳት ነው። ክሩን መከተል ያለባችሁ በጣት ሳይሆን በዓይን፣ ወይም በታተመ ፎቶ ላይ በእርሳስ ነው።

ሌላው የሚበላሸው የመጨረሻው ዓምድ ነው። ከግራ ጀምሮ በግምት የሚሄድ ሠዓሊ ቀኝ ጠርዝ ሲደርስ ቦታ ያጥረዋል ወይም ይተርፈዋል፤ ስለዚህ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ዙሮች ይጣበባሉ ወይም ይለጠጣሉ። ከመሐል ጀምሮ ወደ ሁለቱ ጎን የሄደ ከሆነ ጥበቱ በሁለቱም ዳር እኩል ይከፈላል። የመጀመሪያውን፣ የመሐሉንና የመጨረሻውን ዙር በማስመሪያ ለክታችሁ ብታወዳድሩ ሥራው ከየት እንደተጀመረ ትደርሱበታላችሁ።

ክታቦቻችንም ላይ ተመሳሳይ ጥልፍልፍ አለ፤ ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ መሐሉ ላይ ፊት ይዞ፣ ዙሪያውን በመስመር ታስሮ። አገልግሎታቸው ሌላ ስለሆነ ለብቻው ንግግር የሚፈልግ ነው። በሰም ቅርጽ የሚቀለጡት የነሐስ የእጅና የመጾር መስቀሎች ግን ዛሬ ያልነውን ሁሉ ያለ ቀለም ያሳያሉ። እዚያ ቀዳዳው እውነተኛ ቀዳዳ ነው፤ ክሩም ሲሻገር ውፍረቱ ስለሚጨምር በጎን ብርሃን ላይና ታቹ ይነበባል።

ለልምምድ ብዙ ቁሳቁስ አለ። በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡት ከ9,000 በላይ የኢትዮጵያ ብራናዎች ቅጂ በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና መጻሕፍት ቤተ መዛግብት ተቀምጧል፤ ብዙው በኢንተርኔት ይነበባል። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲም የጉንዳ ጉንዴን መጻሕፍት በዲጂታል ፎቶ አቅርቧል። ማይክሮፊልሙ ጥቁርና ነጭ መሆኑ አያስከፋችሁ፤ ቀለም ስለማያዘናጋ መሻገሪያ ለመቁጠር እንዲያውም ይመቻል።

በደብራችሁ ወይም በገዳም ብራና ለማየት ከተፈቀደላችሁ የዕቃ ቤቱን ኃላፊ ወይም አባቶችን አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ገጹን እነርሱ ይግለጡላችሁ፣ የካሜራውን ፍላሽ አጥፉ። ሐረጉን ሁለት ጊዜ አንሡት፦ አንዱን ቀጥ ብላችሁ ከላይ፣ ትንሽ ማስመሪያ ከጎኑ ሳይነካው አስቀምጣችሁ፤ ሁለተኛውን ብርሃኑ ከጎን ዝቅ ብሎ ሲወድቅ፣ ቦዮቹና የወስፌ ቀዳዳዎቹ እንዲወጡ። ከዚያ ቤት ስትገቡ የመጀመሪያውን ፎቶ በትልቁ አትሙና ነጥቦቹን መልሳችሁ አኑሩበት። ረድፉን፣ ዓምዱን፣ የክሮቹን ቁጥርና የተዘጉትን መሻገሪያዎች በፎቶው ጀርባ ጻፉ፤ የመጽሐፉን ስምና የገጹን ቁጥርም አትርሱ።